ጤነኛው የቡና ዛፍ ምን ያስተምራል?

በቦሳ ኪቶ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሳይንስን የምርምር ዘዴ ስናስተምር የምንጀምረው ከቡና ነው።

እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ በአገራችን ታየ። ፍሬው ሳይበስል እየጠቆረ ረገፈ። ሆኖም በታመሙት መካከል ጤነኛ ዛፎች ቆመው ተገኙ። ይህ ምልከታ ነው። «ዛፎቹ በተፈጥሯቸው በሽታውን ይቋቋማሉ» ማለት ደግሞ መላምት ነው። በጅማ አጠገብ የሚገኘው የመልኮ ምርምር ጣቢያ ባለሙያዎች መላምቱን ፈተኑት። ከዛፎቹ ችግኝ አፍልተው ፈንገሱን ረጩባቸው፤ ከሌሎች ጋርም አወዳደሯቸው። ፈተናውን ካለፉት ዝርያዎች አንዱ 74110 ይባላል፤ 74 የተመረጠበትን 1974 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ያመለክታል።

ተማሪዎቻችንም ሃያ የቡና ዘር ከነልጣጩ፣ ሃያ ደግሞ ልጠው ይዘራሉ። አፈሩ፣ ውሃውና ጥላው አንድ ዓይነት ነው፤ ሁለት ነገር አብሮ ከተለወጠ ምክንያቱ አይለይምና። የትኛው ቀድሞ እንደሚበቅል ግምታቸውን አስቀድመው ይጽፋሉ፤ የበቀለውንም በየሳምንቱ ይቆጥራሉ። ግምቱ ባይሠምርም ከደብተሩ አይፋቅም።

ቡና ፍሬ እስኪሰጥ ሦስትና አራት ዓመት ይፈጃል። በወሬ ብቻ የተከለ ገበሬ ስሕተቱን የሚያውቀው ያን ጊዜ ነው። ልጁ ግን አስቀድሞ መፈተንን ከተማረ ቤተሰቡን ከዚህ ኪሣራ ያድናል። በየአጥቢያችሁ ለመጀመር አርባ ዘርና አንድ ደብተር ይበቃል።