ካንዴላው ምን አጠፋ?

የአርትስ ተማሪዎች ስለ ሞተር ሊጽፉ ተነሡ ሲባል የኢንጂነሪንግ ወንድሞቻችን እንደሚስቁ እናውቃለን። ይሳቁ። እኛ ብዕር ያነሣነው ከሞተሩ ይልቅ ሞተሩን ስለሚያክመው ሰውና እርሱን ስለ ማነጋገር ለመጻፍ ነው፤ ነገሩም በኪሳችን የደረሰ ነው።

አባታችን ላዳ ታክሲ ይነዳሉ። የእኛ የደብተርና የአውቶቡስ ገንዘብ፣ የታናናሾቻችንም የትምህርት ቤት ክፍያ የሚወጣው ከዚያች አሮጌ መኪና ነው። ባለፈው መስከረም መኪናዪቱ ከፒያሳ ወደ ሽሮ ሜዳ ስትወጣ ሚስ ማድረግ ጀመረች፤ ይኸውም ሞተሩ ምት እየሳተ፣ እንደምታነክስ በቅሎ እየተንገጫገጨ ጉልበት ያጣል። ተሳፋሪውም «ምነው ጋሼ፣ ትደርሳለች?» ይል ጀመር። አባታችን ወደ ለመዷቸው መካኒክ ወሰዷት፤ እርሳቸውም የሦስተኛውን ሲሊንደር ካንዴላ ፈትተው፣ በጥላሸት ጠቁሮና በቤንዚን ርሶ ቢያገኙት በአዲስ ለወጡት። ሁለት ሳምንት ደኅና ሆነች። ከዚያ ያው ሕመም ተመለሰ። እስከ ታኅሣሥ ድረስ ለአንድ ሲሊንደር አምስት ካንዴላ ገዛን።

እዚህ ላይ ስለ አሠራሩ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የላዳ ሞተር አራት ሲሊንደሮች አሉት፤ እሳት የሚያገኙትም 1፣ 3፣ 4፣ 2 በሚለው ተራ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ሲሊንደር 1500 ጊዜ፣ ማለት በሰከንድ 25 ጊዜ፣ መቃጠል አለበት። ለዚህም ቤንዚንና አየር በልኩ መደባለቅ፣ ድብልቁም ሳያፈተልክ መታመቅ፣ ብርቱ ፍንጣሪም በሰዓቱ መድረስ ይኖርበታል። ከነዚህ አንዱ ሲጎድል ምቱ ይሳታል። ያልተቃጠለው ቤንዚን ደግሞ ዝም ብሎ አይጠፋም፤ ካንዴላውን ያርሳል፣ የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት አጥቦ ወደ ሞተር ዘይቱ ይወርዳል፣ የቀረውም በጭስ ማውጫው ይወጣል። እንግዲህ የጠቆረው ካንዴላ ብዙውን ጊዜ ምልክት ነው እንጂ ሕመሙ ራሱ አይደለም። አዲሱ ጥቂት ቀን የሚያሽላት ንጹሕ በመሆኑ ደካማውን ድብልቅ እንደ ምንም ብሎ ስለሚያቀጣጥለው ነው። በሎጂክ ክፍል «ከእርሱ በኋላ ስለ መጣ በእርሱ ምክንያት መጣ» ማለት ስሕተት መሆኑን ተምረን ነበር፤ ጋራዥ ውስጥ ይጠብቀናል ብለን ግን አላሰብንም።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «የአዲስ አበባ አየር ነው» አሉን። አባባላቸው ከእውነት የራቀ አይደለም። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለ ሆነች የአየሩ ግፊት በሩብ ያህል ያንሳል፤ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራቶርም እዚህ ሲመጣ ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላም ያጠቁራል። ነገር ግን ካርቡራቶሩ የሚያድለው ለአራቱም ነው፤ ጥፋቱ የእርሱ ቢሆን ኖሮ አራቱም በጠቆሩ ነበር።

ይህን ካወቅን በኋላ መካኒኩን ለማሳመን ሄድን፤ ገና ከመጀመሪያውም አበላሸነው። ከስልክ ያነበብነውን ይዘን «ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ምክንያቱን አልነኩትም» ብንላቸው፣ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉና «እንግዲያው ሌላ ጋራዥ ሞልቶላችኋል» አሉን። እኛ ሳንወለድ ጀምሮ ሞተር ሲፈቱ ለኖሩ ሰው እንዲህ አይባልም። በሦስተኛው ቀን ተመልሰን ይቅርታ ጠየቅንና እንዲህ አልናቸው፦ «ጋሼ፣ መኪናዋ የእርስዎ ብትሆን ምን ያደርጉ ነበር?»

«የእኔ ብትሆንማ ኮምፕረሽን እለካ ነበር፤ ምናልባትም ቴስታታ አወርድ ነበር። ግን ስሙኝ ልጆቼ። ካንዴላ ስቀይር ሰው ዕቃውን ያያል፣ ይከፍለኛል። ግማሽ ቀን መርምሬ ምንም ሳልቀይር ሒሳብ ስጠይቅ ‹ምን ሠራህና?› ይለኛል። አባታችሁም ሲመጡ ‹ቶሎ ካንዴላ ቀይርልኝ፣ ሥራ አለብኝ› ነው የሚሉት።»

አፈርን። ለካ ያዘዝነውም ካንዴላ፣ ያገኘነውም ካንዴላ ኖሯል! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ አባቶች፤ እኛ ደግሞ በሽታውን ሳንናገር መድኃኒቱን አዘን እንሄድ ነበር። ስለዚህ ውሉ ተለወጠ። ዕቃ ተቀየረም አልተቀየረ ለምርመራው የግማሽ ቀን ዋጋ ልንከፍል ተስማማን። መኪናዪቱ በስንት ሰዓት፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ወይስ ሞቆ፣ ቆማ ወይስ ዳገት ላይ ሚስ እንደምታደርግ ለአንድ ሳምንት ጽፈን አመጣን። ከመካኒኩ ይልቅ የከበዱን አባታችን ነበሩ፤ የአንድ ቀን ገቢ ለ«ማየት» ብቻ መስጠት አልዋጥ አላቸው። የአምስቱን ካንዴላና የቆመችባቸውን ቀናት ደምረን ስናሳያቸው ግን ወረቀቱን ደጋግመው አዩና ቁልፉን ሰጡን።

ምርመራው እንዲህ ነበር። መካኒኩ በመጀመሪያ የሦስተኛውን ካንዴላ ከአንደኛው ጋር አቀያየሩ። ጥፋቱ የካንዴላው ቢሆን ሕመሙ ወደ አንደኛው በተዛወረ ነበር፤ አልተዛወረም። የካንዴላውን ገመድም እንዲሁ አቀያየሩ፤ ሕመሙ አሁንም ሦስተኛው ላይ ቀረ። ከዚያ ካንዴላዎቹን ሁሉ አውጥተው የኮምፕረሽን መለኪያ አስገቡ። ሦስቱ ሲሊንደሮች ከ8 በላይ ሲያሳዩ ሦስተኛው 4 ተኩል ላይ ቆመ። መጽሐፉ ቢያንስ 10 ይላል፣ ነገር ግን በእኛ ከፍታ የመጽሐፉን ቁጥር መጠበቅ ሞኝነት ነው፤ ሲሊንደሩን ከወንድሞቹ ጋር ማስተያየት ይበልጣል። በመጨረሻም በሦስተኛው ውስጥ ጥቂት የሞተር ዘይት ጠብ አድርገው እንደ ገና ለኩ። የሚያፈተልከው በፒስተኑ ቀለበት፣ ፋሻ በሚሉት በኩል ቢሆን፣ ዘይቱ ክፍተቱን ደፍኖ ቁጥሩን ከፍ ባደረገው ነበር። መርፌው አልተነቃነቀም። «ቫልቭ ነው» አሉ ጋሼ፤ ድምፃቸው ውስጥ ደስታ ነበረ።

ቴስታታው ሲወርድ የጭስ ማውጫው ቫልቭ ጠርዙ እንደ ተነከሰ ብስኩት ተበልቶ ተገኘ። እኛ በዚህ በረካን ነበር፤ መካኒኩ ግን አሁን ማንም አያስቆማቸውም። «ለምን ተቃጠለ?» ብለው ራሳቸው ጠየቁ። የላዳ ቫልቭ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ 0.15 ሚሊ ሜትር ክፍተት ያሻዋል። ቫልቩ መቀመጫውን እየበላ ሲገባ ክፍተቱ ይጠባል፤ ሞቆ ሲረዝም ጨርሶ አይዘጋም፣ እሳትም በጠርዙ ያፈተልካል። ደግሞም ቫልቩ ሙቀቱን የሚያስረክበው መቀመጫው ላይ ሲያርፍ ነው። አባታችን ደግሞ ሞተራቸው «እንደ ድመት ዝም ያለ ነው» እያሉ ይኮሩ ነበር፤ ስለዚህ ለሁለት ዓመት ያህል ማንም ክፍተቱን አልለካውም። ያ ዝምታ የጤና አልነበረም። ይህን ሲሰሙ አባታችን ለጊዜው ምንም አልተናገሩም።

አዲስ ቫልቭ ገባ፤ ከመቀመጫውም ጋር ተፈጭቶ ተስማማ፤ ጓርኒሲዮኑም ተለወጠ። ሒሳቡ ከአምስቱ ካንዴላ እጅግ ይበልጣል፤ ይህን አንደብቅም። ሽሮ ሜዳን ግን በሦስተኛ ማርሽ እየወጣች ነው።

ኮምፒዩተር ያለው መኪና በቤታቸው ያለ ጓደኞቻችን «የእኛ በመሣሪያ ይነበባል» ይሉ ይሆናል። ይነበባል። ፒ0303 የሚለው ምልክት ሦስተኛው ሲሊንደር ምት መሳቱን ይነግራችኋል፤ ቦቢናው ይሁን፣ ቤንዚን መርጫው ይሁን፣ ቫልቩ ይሁን አይነግራችሁም። በምልክቱ ብቻ ቦቢና የሚገዛ ሰው እኛ ካንዴላ ስንገዛ የሠራነውን ነው የሚደግመው፤ ዋጋው ብቻ ይለያል። መንግሥትም በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ስለ ከለከለ፣ ያሉን አሮጌ ሞተሮች ገና ብዙ ዘመን ሳይታከሙ አይቀሩም።

የተቃጠለውን ቫልቭ ከመካኒኩ ለምነን ወስደን በመኝታ ክፍላችን የወረቀት መጫኛ አድርገነዋል። የሚቀጥለው የቫልቭ ልክ በግንቦት ነው፤ ቀኑን አባታችን በገዛ እጃቸው በመኪናዪቱ ደብተር ላይ ጽፈውታል።