ያውቁ ኖሯል? ጫጩት ከመምጣቷ በፊት ቤቷ ይሙቅ!

ያውቁ ኖሯል? የደብረ ማርቆስ የቀድሞ ስሟ መንቆረር ነበር! ግዕዝ ደግሞ ብርድን «ቍር» ይለዋል። ስሙ ብቻውን ጋቢ ያስደርባል! ከተማዋ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ ከበላይዋ የጮቄ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ቆሞ ነፋሱን ይልክባታል። እና እርስዎ በዚህ ብርድ የመጀመሪያዎቹን ጫጩቶች ሊያመጡ ነው? እንግዲያው ይስሙ!

የአንድ ቀን ጫጩት የገላዋን ሙቀት መጠበቅ አትችልም! ያ ቢጫ ለስላሳ ጸጉሯ ከጌጥ ብዙ አያልፍም፤ ላባ ገና ይቀራታል። በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ትፈልጋለች። ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል ይቀነስላታል። የደብረ ማርቆስ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ግን ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል!

ቴርሞሜትር የለዎትም? ጫጩቶቹ ራሳቸው ቴርሞሜትር ናቸው! ከሙቀቱ ሥር ተከማችተው ከጮኹ በርዷቸዋል። ከሙቀቱ ሸሽተው ዳር ዳሩን ከያዙ ሞቋቸዋል። ሁሉም በአንድ ወገን ከታጨቁ ደግሞ ነፋስ የሚገባበት ቀዳዳ አለ፤ ይፈልጉት! ወለሉን ሞልተው አንዷ ስትበላ፣ አንዷ ስትጠጣ፣ አንዷ እግሯን ዘርግታ ከተኛች እርስዎም ገብተው ይተኙ!

ያለ መብራትና ያለ ከሰል ጫጩት ይሞቃል! የድርቆሽ ሳጥን ይባላል። (የእንጀራው ድርቆሽ አይደለም፣ የሣሩ ነው!) የጣውላ ሳጥን ይይዙና በውስጥ ግድግዳው ዙሪያ ድርቆሹን ጠቅጠቅ ያደርጋሉ። መሃሉን እንደ ወፍ ጎጆ ክፍት ይተዋሉ። ከላይ አየር የሚያስተላልፍ ጆንያ ጣል ያደርጋሉ! ማሞቂያውስ? ጫጩቶቹ ራሳቸው ናቸዋ! ከገላቸው የሚወጣው ሙቀት ድርቆሹን አልፎ አይሄድም። ማታ ይገቡበታል፤ ቀን በትንሽዬ በር እየወጡ ይበላሉ። በኢትዮጵያ ገጠር ተሞክሮ ሠርቷል። መብራት ጠፍቶ ሰፈሩ ሁሉ ሲያማርር የእርስዎ ጫጩቶች ወሬውንም አይሰሙም!

ከሰል ግን ይጠንቀቁ! በተዘጋ ክፍል ከሰል ሽታም ቀለምም የሌለው መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ጫጩቷንም ባለቤቷንም አይለይም!

ማዕዘን ጫጩት ይገድላል! እውነት ነው! ሲበርዳቸው ወይም ሲደነግጡ ጥግ ይዘው አንዷ በአንዷ ላይ ትወጣለች፤ ከታች ያሉት ይታፈናሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው ቤት ክብ ይሁን። ካርቶን በክብ ማጠፍ ይበቃል። የእንጅባራ ቀርከሃ ደግሞ ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል፤ ምንጣፉን ጠቅለል አድርገው በክብ ያቁሙት፣ አለቀ! አባቶቻችን ጎጆን ክብ ያደረጉት ለጫጩት አስበው ይሆን?

የጋዜጣ ወረቀት የጫጩትን እግር ያበላሻል! ስለሚያንሸራትት እግሮቿ ወደ ግራና ቀኝ ይከፈቱና እንዲያው ይቀራሉ። ይህችን ገጽም እንዳያነጥፉባት! ጭድ ወይም ሰጋቱራ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አድርገው ያንጥፉ። ክረምት ላይ ደግሞ ይከታተሉት፤ የራሰ ጭድ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይጠራል።

ጫጩት ስንቋን ሆዷ ውስጥ ቋጥራ ትፈለፈላለች! ከቅርፊቱ ልትወጣ ስትል የቀረውን አስኳል ወደ ሆዷ ታስገባዋለች። በእሱ ብቻ እስከ 72 ሰዓት ትቆያለች፤ እህል አልቀመሰች፣ ውሃ አልቀመሰች! የአንድ ቀን ጫጩት በካርቶን ታሽጋ በአውቶቡስና በአውሮፕላን አገር የምታቋርጠው በዚህ ስንቅ ነው።

ከቅርፊቱ ሳትወጣም ታወራለች! እንቁላሉ ውስጥ ሆና ጭው ጭው ትላለች፤ እናቷ ከላይ ሆና ትመልስላታለች። ቅርፊቱን የምትሰብረው ምንቃሯ ጫፍ ላይ በበቀለች ትንሽ ጥርስ መሳይ ነገር ነው። ጫጩቷ ከተፈለፈለች በኋላ ያቺ ጥርስ ትረግፋለች። ጥርስ አግኝታ ወዲያው የምታጣ ፍጥረት!

ዶሮ ውሃ መምጠጥ አትችልም! ጎንበስ ብላ በምንቃሯ ትዘግናለች፤ ቀና ብላ ወደ ጉሮሮዋ ታንቆረቁራለች። አዲስ ጫጩት ይህን እስክትለምድ ያግዟት። በመዳፍዎ ያዝ ያድርጓትና የምንቃሯን ጫፍ ብቻ ለብ ባለ ውሃ ይንከሩላት። አንዴ ይበቃል! ዓይኗን ጨፈን ታደርጋለች፣ አንገቷን ታቀናለች፣ ጠብታዋ በምንቃሯ ላይ ታበራለች፣ ዋጥ! ከዚያ ሌሎቹ አይተው ይከተሏታል። የውሃው ሳህን ጠፍጣፋ ይሁን፤ ጠጠርም ይጨምሩበት። አንድ ጣት የማይሞላ ውሃ ጫጩት ያሰጥማል!

ዶሮ ከምትበላው ሁለት እጥፍ ያህል ውሃ ትጠጣለች! ሁላችንም ስለ መኖው እንጨነቃለን፤ ውሃውን ግን ማን ያስታውሳል?

ጠጠር ትበላለች! ጥርስ የላትማ። የዋጠችው ጠጠር ሆዷ ውስጥ ወፍጮ ሆኖ ጥሬውን ይፈጭላታል።

«ዶሮ ጭራ ጭራ» የሚሉት ያለ ነገር አይደለም! መኖው በሳህን ተሞልቶ ቀርቦላት እንኳ ጭራ ማግኘቱን ትወዳለች። ጥሬውን ጭዱ ውስጥ በተን ያድርጉላት፤ ሳህኑን ትታ እዚያው ስትቆፍር ታመሻለች።

ምን ትበላለች? አንድ የእንቁላል ጣይ ዘር ጫጩት እስከ 8 ሳምንቷ 2 ኪሎ ግራም ያህል መኖ ትጨርሳለች። በቆሎና ፉርሽካ ብቻ ሰጥተው ለምን አላደገችም አይበሉ! ገንቢው ነገር ከኑግ ፋጉሎውና ከመሰሉ ይመጣል። ጎጃም ደግሞ ኑግ ሞልቷል!

እስቲ ትንሽ ውቅያኖስ እንሻገር! ጊኒ ፒግ የምትባል ጅራት አልባ ትንሽ እንስሳ አለች። ከጊኒ አልመጣችም! አሳማም አይደለችም! አገሯ የደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራራ ነው፤ እንደ እኛ ደጋ ብርድ የሚያውቅ አገር። እዚያ ማድ ቤት ውስጥ ልቅ ሆና፣ የጎመን ቅጠልና ልጣጭ እየለቀመች፣ ልክ እንደ እኛ ዶሮ ትኖራለች! በፔሩ ኩስኮ ካቴድራል በተሰቀለው የምሴተ ሐሙስ ሥዕል ማዕዱ ላይ የቀረበችው እሷ ናት!

ይህች ጊኒ ፒግ ቫይታሚን ሲን መሥራት አትችልም! እንደ ሰው ከምግብ ካላገኘችው ትታመማለች። ዶሮ ግን በኩላሊቷ ራሷ ትሠራዋለች! ሎሚ ለዶሮ የሚሰጥ ሰው ካዩ ይንገሩት።

ስዊዘርላንድ ውስጥ ጊኒ ፒግን ለብቻዋ ማኖር ሕግ ይከለክላል! ብቸኝነት ይጎዳታልና። ጫጩትም እንዲሁ ናት፤ አንዲት ጫጩት ብቻዋን ገዝተው ወደ ቤት እንዳይገቡ! ሌሊቱን ሙሉ ስትጮኽ ታድራለች፤ ቤተሰቡም እንቅልፍ አያገኝም።

አንዲስን ካነሳን አይቀር! በከፍታ ላይ አየሩ ይሳሳል፤ ደብረ ማርቆስ ላይ በባሕር ጠረፍ ካለው ሩብ ያህሉ ይጎድላል። ቶሎ ቶሎ የሚያድግ የሥጋ ዶሮ ልብ ይህን ላይችለው ይችላል፤ ሆዱ ውሃ ይቋጥርና ሊሞት ይችላል! በሽታው በደንብ የታወቀውም በእነዚያው የአንዲስ ከፍታዎች ነው። ለደጋ ጀማሪ እንቁላል ጣይ ይሻላል፤ የእኔ ፍርድ ይህ ነው።

ጫጩት መደመር ትችላለች! ከተፈለፈለች ቀናት ብቻ በሆናት ጫጩት ፊት ተመራማሪዎች ኳሶችን ከሁለት መጋረጃዎች ጀርባ ሲደብቁ፣ ሲጨምሩና ሲቀንሱ ትከታተላለች። ከዚያ ብዙ ወዳለበት ትሄዳለች! ፊደል ያልቆጠረች ሒሳበኛ!

መጀመሪያ ያየችውን የሚንቀሳቀስ ነገር እናቴ ትላለች! እርስዎንም ሊሆን ይችላል። ነጠላ ጫማዎንም ሊሆን ይችላል!

ዶሮ ደረጃ ታውቃለች! ማን ማንን እንደሚነቁር፣ ማን ቀድሞ እንደሚበላ በመካከላቸው የተቆረጠ ነው። ይህን ለዓለም ያስተዋወቀው ኖርዌያዊው ቶርሌይፍ ሼልደሩፕ-ኤቤ ነው፤ በ1921 እ.ኤ.አ. ጻፈው። ዶሮ መቁጠርና ማየት የጀመረው ግን በልጅነቱ ነበር! አዲስ ዶሮ ከነባሮቹ ሲቀላቅሉ የሚነሳው ጠብ እንግዲህ የሹመት ጉዳይ ነው።

አውራ ዶሮዎች የሚጮኹት በተራ ነው! መጀመሪያ አለቃው፣ ቀጥሎ ምክትሉ፣ እያለ ይወርዳል። ሲጮኽ ደግሞ የራሱ ድምፅ እንዳያደነቁረው ጆሮው ይደፈናል! ሌላም አለ፤ ምግብ ሳያገኝ «ኑ፣ አገኘሁ!» ብሎ ሴቶቹን የሚጠራ አውራ ዶሮ አለ። ውሸታም!

«ዶሮ ብታልም ጥሬዋን» ይባል የለ? ዶሮ ሰው ሕልም የሚያይበትን ዓይነት እንቅልፍ በእውነት ትተኛለች! ሲያሻት ደግሞ አንድ ዓይኗን ገልጣ ግማሽ አንጎሏን ብቻ ታስተኛለች። ጥሬ ማለሟን ግን እስካሁን ማንም አላየም!

ቀን ግን ከእኛ የበለጠ ቀለም ታያለች! ለእኛ የተሰወረውን ከሐምራዊ በላይ ያለውን ብርሃን ጭምር። ማታ ሲሆን ዳፍንታም ናት! ለዚህ ነው ገና ሳይጨልም ቆጥ ላይ የምትሰፍረው፤ ለዚህም ነው ሸለምጥማጥ ሌሊት ሲመጣ እንደ ግንድ ተቀምጣ የምትበላው። ቀዳዳውን በሽቦ ይድፈኑ! ለጭልፊትና በምድር ለሚመጣ ጠላት ደግሞ ሁለት የተለያየ ጩኸት አላት፤ ጆሮዎ ከለመደው ሳይወጡ የመጣውን ያውቃሉ።

ዶሮ ገላዋን የምትታጠበው በአፈር ነው! አመድ የተቀላቀለበት ደረቅ አፈር በአሮጌ ሳፋ ያስቀምጡላት። ትተኛበታለች፣ ትንከባለላለች፣ በላባዋ ሥር ትበትነዋለች፤ ቅማሉ ይራገፋል።

ቤቱ ምን ያህል ይሁን? ለአደጉ ዶሮዎች በአንድ ካሬ ሜትር 5 ወይም 6። እንቁላል መጣያ ጎጆ ለ4 ወይም ለ5 ዶሮ አንድ ይበቃል። አስር ጎጆ ቢሠሩላቸውም ሁሉም ተሰልፈው አንዱ ላይ ይጥላሉ!

ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ መድኃኒት የለውም! አንድ ጊዜ ከገባ ግቢውን ባዶ ያደርገዋል። ክትባቱ ግን አለ፤ ቢሾፍቱ ይመረታል! በመጀመሪያው ሳምንት በዓይን ጠብታ ይሰጣል። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚሆን ስለሆነ ከጎረቤት ጋር ተነጋግረው ይግዙት። በበረዶ ይያዝ፤ ከሞቀ ውሃ ነው!

ጎጃም በዶሮ ዘር ስሟ ተጽፏል! ትሊሊ የከተማ ስም ብቻ አይደለም፤ ከኢትዮጵያ የታወቁ የአገር ዶሮ ዓይነቶች አንዱ ነው። ከሆሮ፣ ከጃርሶ፣ ከጨፌና ከቴፒ ጋር ይቆጠራል። ቀለማቸውስ? ገብስማ፣ ዥግራማ፣ ልበ ወርቅ! የሐበሻ ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ትጥላለች፤ የተሻሻለችው የፈረንጅ ዶሮ እስከ 300 ትደርሳለች። ማቀፍ ግን ለሐበሻዋ ነው! የፈረንጇ እናትነት ተረስቷታል።

ዶሮ ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለችም! ትግራይ ውስጥ መዝበር በተባለ ቦታ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ800 ዓመት ገደማ ጀምሮ የሚቆጠር የዶሮ አጥንት ተገኝቷል። በአፍሪካ እጅግ ጥንታዊ ከሚባሉት ነው! የመጣችውስ ከየት ነው? ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ጫካ! ጎጃም ደጋ እስክትደርስ ስንት ባሕር ተሻግራ ይሆን?

አሁን ወደ ሒሳቡ! በኅዳር የገባች የተሻሻለች ጫጩት በ5 ወር ገደማ፣ ፋሲካ አካባቢ መጣል ትጀምራለች። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ያኔ እንቁላል የሚገዛ የለም። ፋሲካ ሲመጣ ደግሞ የሚሸጥ የለም!

ብርዱን ከፈሩ የ45 ቀን ጫጩት ይግዙ። ላባዋ ወጥቷል፤ ሙቀት አትለምንም። ዋጋዋ ይወደዳል እንጂ ሌሊቱን ያስተኛዎታል! የአንድ ቀኗን ከመረጡ ግን ይህን አይርሱ፤ ወለል እስኪሞቅ አንድ ሙሉ ቀን ይፈልጋል። ጫጩቶቹ ነገ የሚመጡ ከሆነ ማሞቂያውን ዛሬ ያብሩ!