ውሃ ከውሃ የሚለይበት ዘዴ

የሰሊጥ ዘይት ከውሃ ጋር እንደማይቀላቀልና ከላይ እንደሚንሳፈፍ ታውቃላችሁ። ውሃስ ከውሃ ሊለይ ይችላልን? አዎን፣ ይችላል። ይህ ዘዴ ፕሮቲንን ከፕሮቲን ለመለየት ይረዳል።

በቅድሚያ ፕሮቲን መለየት ለምን እንደሚያስፈልግ እንመልከት። በገዳሪፍ፣ በመተማና በሁመራ አካባቢ ካላ አዛር የተባለ በሽታ አለ። የምታስተላልፈው በጥቁር አፈር ስንጥቅና በዛፎች አጠገብ የምትገኝ፣ ማታ የምትናከስ የአሸዋ ዝንብ ናት። በሽታው ከጣት በሚወሰድ ጠብታ ደም ይመረመራል። አርኬ 39 በተባለው መመርመሪያ ላይ የተሕዋሱ ፕሮቲን ተለጥፏል፤ በታማሚው ደም ውስጥ ያለው አንቲቦዲ እሱን ሲይዝ መስመር ይታያል። ይህ ፕሮቲን በላቦራቶሪ የሚሠራው ባክቴሪያ ውስጥ ነው። የባክቴሪያው ሌሎች ፕሮቲኖች አብረው ከቀሩ፣ ጤነኛው ሰው ሳይቀር ‹‹በሽታው አለብህ›› ሊባል ይችላል።

ታዲያ ፕሮቲን እንዴት ይለያል? አፍልቶ መለየት ያበላሸዋል፤ የተቀቀለ ዕንቁላል ተመልሶ ጥሬ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ስዊድናዊው ሳይንቲስት ፔር ኦከ አልበርትሰን የማይጎዳ መንገድ አሳዩ። ፖሊኤትሊን ግላይኮል የተባለው ፖሊመር እንደ ጨሌ የተያያዘ ረጅም ሰንሰለት ሲሆን በውሃ ይሟሟል። ፎስፌት የተባለው ጨውም እንዲሁ። ሁለቱ በበቂ መጠን በአንድ ውሃ ውስጥ ሲገቡ ግን ጨው ውሃውን ወደራሱ ይስባል፤ ፖሊመሩም ተገፍቶ፣ የራሱን ውሃ ይዞ ከላይ ይሰበሰባል። ጥቂት ሲቆይ በመካከላቸው ወሰን ይታያል። የላዩም የታቹም አብዛኛው ክፍል ውሃ ስለሆነ ፕሮቲን አይጎዳም።

የፕሮቲን ድብልቅ ሲጨመርበት እያንዳንዱ እንደ መጠኑና እንደ ጠባዩ ወደሚስማማው ወገን ያመራል፤ አንዱ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች። የጨውን መጠን ወይም የሰንሰለቱን ርዝመት በመለወጥ የሚፈለገውን ወደ አንድ ወገን መሰብሰብ ይቻላል። ፍጹም ለማጥራት ግን ሌላ ሥራ ይከተላል። ፕሮቲን የሚለይበት መንገድም ይህ ብቻ አይደለም።

ወላጆች ሆይ! ልጃችሁ ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ከከሳና በግራ ጎኑ ጣፊያው ካበጠ፣ ሳትዘገዩ ወደ ሕክምና ውሰዱት። ይህ መመርመሪያ በምሥራቅ አፍሪካ አንዳንድ ሕሙማንን ሳያገኝ ያልፋል፤ ስለዚህ ‹‹የለበትም›› ተብሎ ሕመሙ ካልለቀቀው ተመልሳችሁ ሂዱ። ካላ አዛር ካልታከመ ይገድላል፤ መድኃኒት ግን አለው።