ተማሪ የሚስብ መምህር

በግሉ የሚያስተምር ሰው ዋናው ማስታወቂያው ተማሪው ነው። የቢቸና አካባቢ ሰው ይህን ከዲማ ጊዮርጊስ የቅኔ ጉባኤ ያውቀዋል። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ቁራሽ እየለመነ የሚማረው የቆሎ ተማሪ ከአንዱ የኔታ ወደ ሌላው ሲዘዋወር የመምህሩን ስም ይዞ ይዞራል። በበዓል ቀን ተነሥቶ ጉባኤ ቃና ወይም መወድስ ሲዘርፍ፣ ቅኔው የጣማቸው ሊቃውንት «ከማን ተማርክ?» ይሉታል። መልሱ ለመምህሩ አዲስ ተማሪ ያመጣለታል። ሐዲስ ዓለማየሁም በ1958 ዓ.ም. በታተመው ልብ ወለዳቸው «ፍቅር እስከ መቃብር» ዋናውን ገጸ ባሕርይ በዛብህን ያስተማሩት ዲማ ልከው ነው።

ዛሬ በቢቸና ወይም በሞጣ ሥዕል፣ በገና ወይም የአካል ብቃት ለማስተማር የሚነሣ ሰውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። የተማሪዎቹን ሥራ በገበያ ቀን ያሳያል፤ የመጀመሪያውን ቀን በነጻ ያስተምራል፤ አጭር ቪዲዮ በቴሌግራም ይለቃል። ከአካል ብቃት ትምህርቶች መካከል ዮጋ ግን ስሙ ለብዙዎች እንግዳ ነው፤ «የወገብና የጀርባ ማፍታቻ» ቢባል ቶሎ ይገባል። በጤፍ አብቃዩ ምሥራቅ ጎጃም ገበሬው እጁ ላይ ገንዘብ የሚገባው እህሉ ከተወቃ በኋላ ስለሆነ፣ ምዝገባው በክረምት ሳይሆን በጥር ቢከፈት ይሻላል።