የስቅለት እንባና የሰኔ ትልም

በደምበጫና በመላው የጎጃም ደጋ፥ በዕለተ ስቅለት ምእመናን ከነግህ ጀምረው በቤተ ክርስቲያን ተሰብስበው የጌታችንን ሕማም እያሰቡ ሲሰግዱ ይውላሉ። ሽማግሌው በመቋሚያው ተደግፎ፥ እናት ልጇን አዝላ፥ ጎልማሳው ነጠላውን አደግድጎ ይሰግዳል። የግብረ ሕማማቱ ንባብ ከመስቀሉ ሲደርስ ከብዙዎች ዓይን እንባ ይፈስሳል። ወደ ማታም ካህናቱ ምእመናኑን በወይራ ቅጠል እየጠበጠቡ ስግደት ያዝዟቸዋል።

ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ከፋሲካ በኋላ ብዙ ሳይቆይ ክረምቱ ይገባል፤ በሬም ይጠመዳል። ያን ጊዜ በስቅለት ጎን ለጎን ከሰገዱት ጎረቤታሞች አንዱ የሌላውን ድንበር አንድ ትልም ገፍቶ ያረሰ እንደ ሆነ፥ የዚያ ቀን እንባ ወዴት ሄደ? ብለን ልንጠይቅ ይገባናል።

እንባን ማቃለላችን አይደለም። ልብን የሚያነቃውን ዜማ ቤተ ክርስቲያናችን ራሷ ከ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሊቅ ከቅዱስ ያሬድ ተቀብላለች። ያሬድ በንጉሡ በገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም፥ ንጉሡ በዜማው ተመስጦ ሳለ የጦሩ ጫፍ የያሬድን እግር እንደ ወጋውና ለሁለቱም እንዳልታወቃቸው በትውፊት ይነገራል። ሐዋርያው ጴጥሮስም ጌታውን ከካደ በኋላ ምርር ብሎ አልቅሷል (ማቴ. 26፥75)። ነገር ግን በልቅሶው አልቀረም፤ ኋላ በሸንጎ ፊት ቆሞ የካደውን ጌታ ሳይፈራ መስክሯል።

ጌታችን ቃሉን ሰምቶ ወዲያው በደስታ የሚቀበለውን፥ ነገር ግን የማይጸናውን ሰው በጭንጫ ላይ በወደቀ ዘር መስሎታል (ማቴ. 13፥20-21)። ገበሬ ይህን ያለ መምህር ያውቀዋል። ጭንጫ ላይ የወደቀ ዘር ዐፈሩ ስስ ነውና ፈጥኖ ይበቅላል፤ ፀሐይ ሲጠነክርበት ግን ይደርቃል። ጥፋቱም ፈጥኖ መብቀሉ ሳይሆን ሥር አለመስደዱ ነው።

በዘመናችን ጉባኤያት ድምፅ ማጉያው ይጮኻል፤ መዝሙሩ ሕዝቡን ያስለቅሳል፤ አንዳንዱም የእጅ ስልኩን አንሥቶ ልቅሶውን ይቀርጻል። ከዚህም የተነሣ ያላለቀሰ ሰው ጸሎቱ ያልተሰማለት የሚመስለው አይጠፋም። እንዲህ ግን አይደለም። ከሁለቱ ልጆች የአባቱን ፈቃድ የፈጸመው እሺ ብሎ የቀረው ሳይሆን፥ አስቀድሞ እንቢ ብሎ ኋላ ተጸጽቶ ወደ ወይኑ ቦታ የሄደው ነው (ማቴ. 21፥28-31)። ዓይኑ ደርቆ ቆሞ ውሎ፥ ወደ ቤቱ ሲመለስ የተጣላውን ወንድሙን የታረቀ ሰው እርሱን ይመስላል።

ስለዚህ ልባችን በተነካበት ዕለት፥ ስሜቱ ሳይበርድ፥ አንዲት የተወሰነች ሥራ እንያዝ። የተጣላን እንደ ሆነ ሽማግሌ እንላክ፤ የሰው ገንዘብ በእጃችን እንዳለ እንመልስ፤ ነጋዴው ሚዛኑን ያቅና፤ የልባችንንም ለንስሐ አባታችን እንንገር። ልጆቻችን በቤተ ክርስቲያን ስናለቅስ አይተው በቤት ስንሰዳደብ ቢሰሙን፥ የሚይዙት ሁለተኛውን ነው።

ኦሪት የባልንጀራውን ድንበር የሚገፋውን ትረግማለች (ዘዳ. 27፥17)። እንግዲህ በመጪው ሰኔ በሬያችንን ጠምደን ከድንበሩ ስንደርስ ማረሻችንን እንመልስ፤ የስቅለት እንባችን እውነተኛነት በዚያ ይታወቃልና።