ልብ ወለድ ታሪክ መጻፍ በትምህርት ይገኛልን?

በመርካቶ ውስጥ ምናለሽ ተራ ተብሎ የሚጠራው ስፍራ ስሙን ያገኘው «ምን አለሽ?» ከሚለው የገዢዎች ጥያቄ ነው ይባላል። በዚያ ያሉት ባለእጆች ያረጀ በርሜል፣ የተጣመመ ብረት፣ የተጣለ የመኪና ጎማና ያገለገለ ቆርቆሮ እየገዙ በርሜሉን ምድጃ፣ ጎማውን ጫማ፣ ቆርቆሮውን ሣጥን አድርገው ይሸጡታል። በተራው መካከል የሚያልፍ ሰው ከመዶሻው ድምፅ የተነሣ ከባልንጀራው ጋራ መነጋገር ያስቸግረዋል፤ ነገር ግን ጥቂት ቆም ብሎ ቢመለከት፣ ከመምህሩ አጠገብ የተቀመጠው ልጅ ምንም መጽሐፍ ሳይገለጥለት ሥራውን ሲማር ያያል። ልጁ አይቶ ይሠራል፤ የሠራውን ያሳያል፤ መምህሩም የጠመመውን መትቶ ያቀናለታል፤ ልጁም እንደ ገና ይሠራል።

ይህን ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ልብ ወለድ ታሪክ ለመጻፍ የሚመኙ ወጣቶች ከሁለት ወገን ተስፋ የሚያስቆርጥ ቃል ሲነገራቸው እሰማለሁ። አንደኛው ወገን «ድርሰት ስጦታ ነው፤ ስጦታው የሌለው ሰው ቢማር አይረባውም» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ ይልቁንም በዕድሜ የገፉትና በሃይማኖት ትምህርት የበረቱት፣ «ያልሆነውን ሆነ ብሎ መጻፍ ሐሰት ነው፤ ሐሰትንም መማር ምን ያስፈልጋል?» ይላሉ። የኋለኛው ነቀፋ ይበልጥ የሚከብድ ስለ ሆነ ከእርሱ እጀምራለሁ።

ነቢዩ ናታን ወደ ንጉሡ ወደ ዳዊት በገባ ጊዜ ስለ አንድ ባለጸጋና ስለ አንድ ድኻ፣ ድኻውም እንደ ልጁ አድርጎ ስላሳደጋት አንዲት በግ ነገረው። ያች በግ በየትኛው መንደር እንደ ነበረች፣ ባለጸጋውም ማን እንደ ተባለ የጠየቀ የለም። ንጉሡ ግን ተቈጥቶ በባለጸጋው ላይ ፈረደ፤ ከፈረደም በኋላ የፈረደው በራሱ ላይ መሆኑን ዐወቀ። ነቢዩ ነገሩን በቀጥታ ተናግሮት ቢሆን ኖሮ ንጉሡ ምን ይመልስ እንደ ነበረ እንጃ፤ በዙፋን ላይ የተቀመጠ ሰው ክስን የሚመልስበት ቃል አያጣምና። ደግሞም ሐሰት የሚባለው ራሱን ሠውሮ እውነት መስሎ የሚገባ ነው፤ ልብ ወለድ ታሪክ ግን ከልብ የተወለደ መሆኑን በስሙ አስታውቆ ይመጣል። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮማ ከተማ ያሳተመውን መጽሐፍ «ልብ ወለድ ታሪክ» ብሎ በሰየመ ጊዜ፣ ስለ ሰውየው ሌላ ሥራ የሚነገረው ሁሉ እንደ ተጠበቀ ሆኖ፣ ለዚህ ሙያ የማያሳፍር ስም አውጥቶለታል።

ወደ ፊተኛው ነቀፋ ልመለስ። ድርሰት በትምህርት አይገኝም የሚል ሰው የገዛ አገሩን የቅኔ ቤት የረሳ ይመስለኛል። በዋሸራ ወይም በጎንጅ የቅኔ ተማሪ ግሱን ከተማረ በኋላ ብቻውን ወደ ዛፍ ጥላ ሄዶ ቅኔውን ይቈጥራል። መጀመሪያ ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃና ይሞክራል፤ ከዚያም ደረጃ በደረጃ እስከ መወድስ ይደርሳል። የቈጠረውንም ይዞ ወደ መምህሩ ይመጣል፤ መምህሩም ቤቱ እንደ ሰበረ፣ ሰሙም ወርቁን እንዳልሸፈነ በባልንጀሮቹ ፊት ይነግረዋል። ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ ስለማይደገም ተማሪው ነገ ደግሞ ባዶ እጁን መነሣት አለበት። በየቀኑ አዲስ ነገር እያወጡ በየቀኑ መታረም፣ እንግዲህ ይህ ትምህርት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

በአሜሪካ አገር በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1936 የጸሐፊዎች ትምህርት በተቋቋመ ጊዜ ነገሩ እንደ አዲስ ግኝት ተወራለት። ሥርዓቱም ተማሪው የጻፈውን አምጥቶ በጉባኤ መካከል ማስነበብና መታረም ነው። በዚያው ዩኒቨርሲቲ የየአገሩ ደራሲዎች ወደሚሰበሰቡበት ጉባኤ ከእኛም አገር የ«አልወለድም» ደራሲ አቤ ጉበኛ ሄዶ ነበር። ጎጃም ተወልዶ በቤተ ክህነት ትምህርት ያደገው ይህ ሰው በባሕር ማዶ ያንን ሥርዓት ባየ ጊዜ እንግዳ አልሆነበትም ብዬ እገምታለሁ። ሐዲስ ዓለማየሁም እንደዚሁ በቤተ ክህነት ትምህርት ያለፉ ናቸው፤ በ1958 ዓ.ም. ባወጡት በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የተሳለውን የበዛብህን የተማሪነት ኑሮ የቅኔ ቤቱን ጣራ ከውስጥ ያላየ ሰው ሊጽፈው አይችልም። መጽሐፉንም ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ በተረከው ጊዜ ፊደል ያልቈጠረው ሳይቀር ሰምቶታል።

ይሁን እንጂ የቅኔ ትምህርት ለልብ ወለድ ጸሐፊ ብቻውን አይበቃም። ቅኔ ማሳጠርን ያስተምራል፤ ሰው እየተነጋገረ፣ እየበላ፣ እየተጣላ የሚኖርበትን ረዥሙን ቀን ግን አይነግርም። ለዚህ ለሁለተኛው ትምህርት ከመርካቶ የሚሻል ጉባኤ አላገኘሁም። ገበያው በጠላት ወረራ ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ወደ ምዕራብ ተዛውሮ አሁን ባለበት ስፍራ ከተቋቋመ ወዲህ፣ ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጣ ሰው እየተጨመረበት የኢትዮጵያ ቋንቋ ሁሉ የሚሰማበት ሆኗል። ጸጋዬ ገብረ መድኅንም «አይ መርካቶ» የሚለውን ግጥሙን የጻፈው ይህን የመሰለ ቦታ አይቶ ነው።

አንዲት ሴት ሸማ ተራ ገብታ ነጠላ ስትገዛ አንባቢ ሆይ ልብ ብለህ ተመልከት። «ጥለቱ ጠበበብኝ፤ ፈትሉም የላላ ነው» ትላለች፤ እጅዋ ግን ነጠላውን አይለቅም። ነጋዴውም አፏን ትቶ እጅዋን ያያል። «እናቴ፣ ለእርስዎ ስል ነው እንጂ በዚህ ዋጋ አልሸጥም» ይላታል፤ ይህንኑ ቃል ጧት ለሌላይቱ ብሏል። ሴቲቱ ትታ ትሄዳለች፤ ሦስት እርምጃ ከተራመደች በኋላ እርምጃዋ ይቀንሳል፤ እስኪጠራት ትጠብቃለችና። በዚህ ሁሉ ንግግር ውስጥ ከሁለቱ አንዳቸውም የልባቸውን አልተናገሩም፤ ነገር ግን ሁለቱም ተግባብተዋል። በጀማሪ ጸሐፊዎች ድርሰት የሚገኘው ትልቁ ጉድለት ሰዎቹ ሁሉ የልባቸውን እንደ ምስክር በችሎት ፊት መናገራቸው ነው። ሰምና ወርቅ ለግዕዝ ብቻ የተሰጠ የሚመስለው ሰው አንድ ቀን ሸማ ተራ ይዋል።

ሌላም ምሳሌ ከዚሁ ተራ አለ። በ2017 ዓ.ም. በጥቅምት ወር በሸማ ተራ እሳት ተነሥቶ ብዙ ሱቅ አቃጥሏል። የመንግሥት ሠራተኛ ስለዚህ ጕዳይ መግለጫ ሲጽፍ የተቃጠለውን ሱቅ ብዛትና የጠፋውን ንብረት ግምት ይጽፋል፤ ሥራውም ይኸው ስለ ሆነ አይነቀፍም። ልብ ወለድ ጸሐፊ ግን ከመግለጫው ውስጥ የማይገባውን ይፈልጋል። ለምሳሌ በማግሥቱ ጧት አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ከቤቱ ሲወጣ እንደ ልማዱ የሱቁን ቍልፍ ከግድግዳው አውርዶ ወደ ኪሱ ከተተ ብንል፣ ይህ ሰው በእውነት ላይኖር ይችላል፤ ነገር ግን ከመግለጫው ቍጥር ይልቅ ይህ ቍልፍ ያቺን ጧት ያሳየናል። እኔ እንደሚመስለኝ መግለጫ ጻፊዎቹም ይህን ዐይነቱን ጽሑፍ ቢያነቡ የሚጎዱ አይደሉም።

ስለ ጽሑፍ ሙያ የሚያስተምር መጽሐፍ የለም ለማለት አይቻልም። የ«አደፍርስ» ደራሲ ዳኛቸው ወርቁ «የጽሑፍ ጥበብ መመሪያ» የተባለውን መጽሐፍ ለዚሁ አዘጋጅቶ ነበር። የጋዜጣ ሥራም ራሱ ትምህርት ቤት ሆኖ ብርሃኑ ዘሪሁንንና በዓሉ ግርማን የመሳሰሉ ደራሲዎች በአዲስ ዘመን አዘጋጅነት አልፈውበታል። ብርሃኑ በአጫጭር ዐረፍተ ነገሩ የታወቀ ነው፤ የዚህ ጽሑፍ አንባቢም እኔ ያንን ትምህርት በደንብ እንዳልተማርሁ ሳይገነዘብ አይቀርም። እንግዲህ የጐደለን መጽሐፍ አይደለም፤ ስጦታም አይደለም። የጐደለን ተማሪው የጻፈውን ይዞ የሚሄድበት፣ ሰምቶም «ይህ ተሰብሯል» ብሎ የሚመልስለት ሰው ነው። ወጣቱ ጽሑፉን ብቻውን ጽፎ ብቻውን ያነበዋል፤ ባልንጀሮቹ ቢሰሙትም እንዳይከፋው ያመሰግኑታል። የቅኔ መምህር ተማሪውን እንደዚህ ቢያመሰግነው ኖሮ መወድስ የሚዘርፍ ሰው ባልተገኘ ነበር።

አራሚ የግድ የተማረ መሆን የለበትም። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ስለ አንድ የመርካቶ ኩሊ ታሪክ ጽፌ፣ በወጣትነታቸው በዚያ ገበያ ሸክም ይሸከሙ ለነበሩ አንድ አባት አነበብሁላቸው። ዝም ብለው እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «ልጄ፣ ሰውየው የተሸከመው ምንድን ነው?» አሉኝ። «ከባድ ሸክም» ከማለት በቀር አልጻፍሁም ነበር። «ጨው እንደ ሆነ በላብ እየሟሟ ጀርባውን ይበላዋል፤ ጥጥ እንደ ሆነ ግራና ቀኙን አያይም፤ መስተዋት እንደ ሆነ አይሮጥም። የተሸከመውን ሳታውቅ አረማመዱን በምን ዐወቅህ?» አሉኝ። አፍሬ ወደ ቤቴ ተመለስሁ፤ ሌሊቱንም ገጹን ቀድጄ ሰውየውን መስተዋት አሸክሜ እንደ ገና ጻፍሁት። በማግሥቱ ሄጄ ባነበብሁላቸው ጊዜ ራሳቸውን ነቅንቀው ጥቂት ዝም አሉና፣ «መልካም ነው፤ ግን መስተዋት ተሸክሞ ይህን ያህል ወሬ የሚያወራ ሰው ምን ዐይነት ነው?» አሉኝ።