የቤታ ዓሣ ገንዳ አዘገጃጀትና አያያዝ፦ ዓሣ ከማኖር በፊት ውኃን ማወቅ

(ለሕዝብ ክፍት በሆነው የፋኩልቲው የምሽት ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ)



ለዛሬ የመረጥሁት ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ ቀላል ሊመስል ይችላል፤ ጣት የሚያህል ዓሣ በቤት ውስጥ እንዴት ይያዛል የሚል ነውና። ርእሱን የመረጥሁት ግን ከራሴ ስሕተት ተነሥቼ ስለሆነ፣ አስቀድሜ እርሱን ልናገር።

ከዓመታት በፊት ለልጄ የልደት ቀን አጎቷ አንድ ሰማያዊ ወንድ ቤታ ሁለት ሊትር በሚይዝ አፈ ሰፊ የመስታወት ዕቃ አድርጎ አመጣላት። በዚያን ጊዜ እኔ የናይትሮጂንን ዑደት በሰሌዳ ላይ እየሣልሁ ማስተማር ከጀመርሁ ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኖኝ ነበር። ዓሣው ንጹሕ ውኃ እንዲያገኝ በማለት በየሦስት ቀኑ ውኃውን ሁሉ እደፋ፣ ጠጠሩን በቧንቧ ውኃ አጥብ፣ ዕቃውንም አሻሽ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ዓሣው ክንፎቹን አጣብቆ ከታች ተኛ፤ በማግሥቱም ሞተ። ልጄ «አባዬ፣ እንደዚያ እያጠብህለት ለምን ሞተ?» ብላ ጠየቀችኝ። መልሱን በየዓመቱ በሰሌዳ ላይ እጽፈው ነበር፤ ወደ ቤቴ ግን አላሻገርሁትም። የዛሬው ንግግር ለዚያች ጥያቄ ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው።

በመጀመሪያ ዓሣውን እንወቀው። የቤታ የተፈጥሮ መኖሪያ በዋነኛነት ታይላንድ ነው፤ በሩዝ ማሳዎች፣ በረግረግ ቦታዎችና ዝግ ብለው በሚፈስሱ ቦዮች ይገኛል። ወንዶቹ እርስ በርሳቸው ስለሚዋጉ ታይላንዳውያን «ፕላ ካት» ይሉታል፤ «ነካሽ ዓሣ» ማለት ነው። ቤታ ስፕሌንደንስ የሚለውን ሳይንሳዊ ስያሜ እ.ኤ.አ. በ1910 የሰጠው እንግሊዛዊው የዓሣ ሊቅ ቻርልስ ቴት ሪገን ነው። የታይላንድ መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ2019 ብሔራዊ የውኃ እንስሳ አድርጎ ሰይሞታል።

ይህ ዓሣ ከብዙዎቹ ዓሦች የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። ከስንጥቡ በላይ ባለው ክፍተት ውስጥ ላቢሪንት የሚባል እጥፋት የበዛበት አካል ስላለው፣ ወደ ውኃው ገጽ እየወጣ አየር ይተነፍሳል። እኛም ለዚህ ነገር እንግዶች አይደለንም። የጣናና የሐዋሳ ሐይቆች አምባዛ አየር የሚተነፍስበት ቅርንጫፍ መሰል አካል ስላለው፣ አጥማጆች ከውኃ ካወጡት በኋላ እንኳ ለረዥም ጊዜ በሕይወት ይቆያል።

የስሕተቱ ምንጭም ይኸው ጠባይ ነው። «አየር ስለሚተነፍስ ጠባብ ዕቃ ይበቃዋል፤ በአገሩም የሚኖረው በኩሬ ነው» ይባላል። ነገር ግን የሩዝ ማሳ ውኃ ጥልቀቱ ጥቂት ቢሆንም ስፋቱ ብዙ ነው፤ አፈሩና ዕፀዋቱም የዓሣውን ቆሻሻ ተቀብለው ይለውጡታል። አየር መተንፈሱ ቤታን ከኦክስጅን እጥረት ያድነዋል፤ ከራሱ ቆሻሻ ግን አያድነውም።

ያ ቆሻሻ በዋነኛነት አሞኒያ ነው። ዓሣው የበላው ፕሮቲን በሰውነቱ ውስጥ ሲፈራርስ አሞኒያ ይፈጠራል፤ አብዛኛውም በስንጥቡ በኩል ወደ ውኃው ይወጣል። የተረፈ ምግብና የበሰበሰ ቅጠልም ይጨምሩበታል። አሞኒያ በውኃ ውስጥ በሁለት መልክ ይገኛል፤ አንደኛው ስንጥብን የሚጎዳው መርዛማው አሞኒያ፣ ሁለተኛው ጉዳቱ ዝቅ ያለው አሞኒየም ነው። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ የውኃው ፒኤች 7 ሲሆን መርዛማው መልክ ከጠቅላላው 1 በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ፒኤች 8 ሲሆን ግን ወደ 5 በመቶ ያድጋል። ስለዚህ በዓይን አንድ ዓይነት የሚመስሉ ሁለት ውኃዎች ለዓሣው እጅግ የተለያዩ ሊሆኑ ይችላሉ።

ለዚህ ችግር ተፈጥሮ ያዘጋጀችው መፍትሔ ባክቴሪያ ነው። አንደኛው ወገን አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ሌላኛው ናይትራይትን ወደ ናይትሬት ይለውጣል፤ ይህን ሥራቸውን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ በጥልቀት ካጠኑት አንዱ ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ ነበር። ናይትራይት ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ስለሚያደርግ እርሱም መርዝ ነው፤ ናይትሬት ግን እስካልበዛ ድረስ ጉዳቱ አነስተኛ ነው። እነዚህ ባክቴሪያዎች በብዛት የሚኖሩት በጠጠር፣ በመስታወትና በማጣሪያ ስፖንጅ ላይ ተጣብቀው ነው። እኔ በየሦስት ቀኑ ክሎሪን ባለበት ውኃ እያጠብሁ የማጠፋው እነርሱን ነበር። ዓሣውም አሞኒያ፣ ክሎሪንና ድንገተኛ ቅዝቃዜ እየተፈራረቁበት ኖረ።

እንግዲህ ወደ አዘገጃጀቱ እንሂድ። ገንዳው ቢያንስ 20 ሊትር የሚይዝ፣ ከቁመቱ ይልቅ ወርዱ የሰፋ ቢሆን ይመረጣል። ውኃው ብቻ 20 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን ጠንካራ ጠረጴዛ ያስፈልገዋል፤ የቀጥታ ፀሐይም ሊያገኘው አይገባም። ቤታ ስለሚዘልል ክዳን ይኑረው። በክዳኑና በውኃው መካከል ጥቂት ጣት የሚያህል ክፍተት ይተው፤ ዓሣው የሚተነፍሰው ከዚያ ነውና። ማጣሪያው በአየር መግፊያ የሚሠራ ስፖንጅ ቢሆን መልካም ነው፤ ረዣዥም ክንፍ ያለው ዓሣ ኃይለኛ የውኃ ግፊት አይችልም። ሁለት ወንዶችን በአንድ ገንዳ ማኖር ፈጽሞ አይገባም።

ሙቀትን በተመለከተ የአዲስ አበባ ነዋሪ የተለየ ጥንቃቄ ያሻዋል። ቤታ ከ25 እስከ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚሆን ውኃ ይስማማዋል። ከተማችን ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት የውጭው አየር ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ስለዚህ ሙቀትን ራሱ የሚቆጣጠር ማሞቂያና ቴርሞሜትር የግድ ናቸው፤ ለ20 ሊትር 50 ዋት ይበቃል። መብራት ሲጠፋ ገንዳውን በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ዙሪያውን መጠቅለል ሙቀቱን ለሰዓታት ያቆየዋል፤ አየር የሚገባበት ቀዳዳ ግን ይተውለት። ብዙ ውኃ ከጥቂት ውኃ ይልቅ ቀስ ብሎ እንደሚቀዘቅዝም አስታውሱ፤ የትልቅ ገንዳ አንዱ ጥቅም ይህ ነው።

የቧንቧ ውኃ ወደ ገንዳው ከመግባቱ በፊት ክሎሪኑ መወገድ አለበት። ለዚሁ የተዘጋጀ መድኃኒት ካለ በመመሪያው መሠረት ይጨመራል፤ ከሌለ ውኃውን አፉ በተከፈተ ባልዲ ለ24 ሰዓት ማሳደር ይረዳል። በውኃው ውስጥ ያለው ክሎራሚን ከሆነ ግን በማሳደር ብቻ አይወጣም።

ቀጥሎ የሚመጣው ከሁሉም የሚከብደው ሥራ፣ መጠበቅ ነው። ገንዳው ዓሣ ሳይገባበት በየቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ይጣልበታል፤ ምግቡ ሲበሰብስ አሞኒያ ያወጣል፤ ባክቴሪያውም እርሱን እየተመገበ ይራባል። ይህ ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ከጤነኛ አሮጌ ገንዳ የተወሰደ ስፖንጅ ጊዜውን ያሳጥረዋል። በመመርመሪያ ሲታይ አሞኒያውና ናይትራይቱ ዜሮ ሆነው ናይትሬት ከተገኘ ገንዳው ዓሣ ለመቀበል ዝግጁ ነው።

ዓሣው ከገባ በኋላ ያለው አያያዝ ከዚህ ይቀላል። በየሳምንቱ ከውኃው ሩብ ያህሉ ይቀየር፤ አዲሱ ውኃ ክሎሪን የሌለውና ሙቀቱ ከገንዳው ጋር የተቀራረበ ይሁን። ስፖንጁ ሲደፈን ከገንዳው በተቀዳ ውኃ ብቻ ቀስ ተብሎ ይጨመቅ፤ ሳሙና አይነካው። በአንድ ቀን ስፖንጁንም ጠጠሩንም አታጽዱ። የቤታ ሆድ ትንሽ ስለሆነ በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ጥቂት ፍሬ ምግብ ይበቃዋል፤ በሳምንት አንድ ቀን ቢጾምም አይጎዳም። ዓሣው ክንፉን ካጣበቀ ወይም መብላት ካቆመ፣ መድኃኒት ከመፈለግ በፊት ውኃውን መርምሩ።

ከመጀመሪያው ዓሣ ሞት በኋላ እኔና ልጄ 30 ሊትር የሚይዝ ገንዳ አዘጋጀን፤ ስድስት ሳምንትም ባዶውን ጠበቅነው። ጎረቤቶቻችን «ዓሣችሁ የት ሄደ?» እያሉ ይሥቁብን ነበር። የመመርመሪያውን ቀለም በየማታው እያየች በደብተሯ የምትመዘግበው ልጄ ነበረች። የናይትራይቱ ቀለም የጠፋ ዕለት ከመኝታዬ ቀስቅሳ አሳየችኝ፤ እኔም ያን ዑደት ለመጀመሪያ ጊዜ ከሰሌዳ ውጭ አየሁት። በዚያ ገንዳ የገባው ቀይ ቤታ ከሦስት ዓመት በላይ ኖረ።

ተማሪዎቼ ሆይ፣ የምታውቁትን ነገር በቤታችሁ ባለው ዕቃ ላይ ፈትኑት እላለሁ።